ስሜ የተጠራበት ካሴት

በእኛ በቆቦ ሰርግ ላይ ዘፋኙ ስምህን ከጠራ ትነሳለህ። ሽማግሌ ብትሆን፣ ጉልበትህን ቢያምህ፣ ጉርሻው ገና ከአፍህ ባይወርድ ትነሳለህ፤ ዱላህን ይዘህ ወደ መሃል ትገባና ሁለት ሦስት ጊዜ ዘለህ ትመለሳለህ። ያልተጠራ ሰው በልቶ ጠጥቶ ቤቱ ሲገባ ሚስቱን ያመናጭቃል። ተዋቸው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ሃያ ስምንት ዓመት ከኋላው ቆሜ ጊታር ስመታ የአገሩን ሰው አንድ በአንድ ሲጠራ ሰምቻለሁ፤ የመንገድ ሥራውን ፎርማን፣ የግብርናውን ኃላፊ፣ ከአፋር ግመል ነድቶ የመጣውን ነጋዴ፣ የሙሽራውን የአክስት ባል። የእኔን ስም ግን አይጠራም። ደንቡ ነው። መሣሪያ የያዘ ሰው አይጠራም፤ እሱ ከተነሳ ዘፈኑ ይቆማላ። ይህን የማያውቅ ሰው ከጎብዬ እስከ ዋጃ ብትፈልግ አታገኝም። እኔም አውቀዋለሁ። ማወቅና መዋጥ ግን የተለያዩ ናቸው።

ይሁኔ እባላለሁ። መናኸሪያው ፊት ለፊት ባለችው ሱቄ ሬዲዮና ቴፕ እጠግናለሁ፣ ካሴት እሸጣለሁ፣ እቀዳለሁ። በ1971 ዓ.ም. የአውራጃው ኪነት ሲቋቋም እኔና ተዋቸው በአንድ ቀን ነው የተመዘገብነው። ሁለታችንም ዘፋኝ ልንሆን ነበር የሄድነው። መልማዩ አንድ አንድ ዘፈን አስዘፈነንና ተዋቸውን "አንተ እዚህ ቁም" አለው። እኔን "አንተ ጆሮህ ደህና ይመስላል፣ ጊታር ሞክር" አለኝ። በሰው ዕድሜ ላይ እንዲህ በቀላሉ ይፈረዳል። ሰውዬው በማግስቱ ወደ ደሴ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም፣ ይቅርም አላልኩትም።

የተዋቸው ድምፅ ጥሩ ነው። ይህን ለመናገር ጥርሴን መንከስ አለብኝ እንጂ ጥሩ ነው። ሻከር ያለ ነው፤ የማሽላ ጠባቂ ማማ ላይ ሆኖ ወፍ ሲያባርር እንደሚጮኸው ከሩቅ የሚመጣ ነገር አለው። መልኩ ከእኔ አይሻልም፣ ቁመቱም ያው ነው፣ ራሱ ከእኔ ቀድሞ ተመልጧል። ገበያ ሲገባ ግን ቲማቲም ሻጯ ሳትጠየቅ ትመርቅለታለች፤ ለእኔ የላላ የላላውን ትመርጥልኛለች። ሚስቴ ከፈለች "አንተ እኮ ፊትህን ቋጥረህ ስለምትገዛ ነው" ትለኛለች። ይሆናል። እኔ ግን ፊቴ መጀመሪያ ለምን እንደተቋጠረ አውቃለሁ።

ደርግ ሲወድቅ ኪነቱም ተበተነ። መሣሪያዎቹ አንድ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎባቸው ከረሙና ስንለምን ስንለምን ተፈቱልን። ጊታሬ ስትወጣ ማንገቻዋን አይጥ በልቶት ነበር። አራት ሆነን "ጎሊና ባንድ" ተባልን፤ ተዋቸው ዘፋኝ፣ እኔ ጊታር፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ስሜነህ ድራም፣ ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረው መምህር ዮናስ ኪቦርድ። መብራት በሌለበት በመኪና ባትሪ እየተጫወትን ያልደረስንበት ሰርግ የለም። ካሴት ግን በ1978 ያሳተምናት አንዲት ብቻ ነበረችን፤ እሷም ስለ መሠረተ ትምህርትና ስለ ማዳበሪያ የዘፈንናት ስለሆነች እኛ ራሳችን አንሰማትም።

በ1999 ዓ.ም. ጋሹ የሚባል የቆቦ ልጅ፣ መርካቶ ውስጥ ሱቅ ያለው፣ እህቱን ሊድር ጎብዬ መጣና ሰማን። ሰርጉ ሲያልቅ አራታችንን ሰብስቦ "እናንተ ሰዎች፣ ጥርሳችሁ ሳያልቅ ይህን ነገር ካሴት ላይ አስቀምጡት እንጂ። ወጪውን ለእኔ ተዉት" አለን። ስሜነህ አለቀሰ። እኔም ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ። በልቤ ያሰብኩት ግን ሌላ ነበር። ሰርግ አንድ ቀን ነው፣ ሰዉ ዘፋኙን አይቶ ይሄዳል። ካሴት ግን ዓይን የለውም፣ ጆሮ ብቻ ነው። በካሴት ላይ የተዋቸውን መቆምና መንጎራደድ የሚያይ ስለሌለ ጊታሬ በመጨረሻ ይሰማል አልኩ።

ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ገባን። ስቱዲዮው ፒያሳ አካባቢ አንድ ፎቅ ላይ ነው፤ ግድግዳው ስፖንጅ ለብሷል፣ በመሃል መስታወት አለው። የሚቀርጸው ባለሙያ ትሁት ሰው ነበር፤ ግን ገና ከመግባታችን "አብራችሁ አትጫወቱም፣ አንድ በአንድ ነው" አለን። እኛ ደግሞ ተለያይተን ተጫውተን አናውቅም። መጀመሪያ ስሜነህ ገባ። ስሜነህ ደስ ሲለው ይፈጥናል። ሰርግ ላይ ይህ ችግር የለውም፣ ሰዉም አብሮት ይፈጥናል። ባለሙያው ግን ሁለት ቀን ሞክሮ ሞክሮ ሲያቅተው "ጋሼ፣ እርስዎ ይረፉ፤ ድራሙን ኮምፒውተሩ ይሠራዋል" አለው። ስሜነህ መምቻ ዱላዎቹን ፌስታል ውስጥ ጠቅልሎ ኮሪደር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ሰባት ቀን ሙሉ እዚያው ነበር የተቀመጠው።

የእኔ ተራ በሦስተኛው ቀን ደረሰ። የካሴቱ ዋና ዘፈን "ጎሊና ሲሞላ" ነው፤ መግቢያውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። አንድ ክረምት ወንዙ ሞልቶ መንገደኛ ሁሉ ማዶና ማዶ ቆሞ ሲተያይ፣ ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ያገኘሁት ዜማ ነው። ጨርሼ ስወጣ ባለሙያው ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደና "ይህን ከየት አመጡት?" አለኝ።

"ከቆቦ" አልኩት።

"ይድገሙልኝ እስቲ። መቅረጹን ቀርጬዋለሁ፣ ለራሴ ልስማው ብዬ ነው።"

ደገምኩለት። በዚያች ሰዓት በማንም አልቀናሁም። ከዚያ በፊት እንዲያ ሆኜ አላውቅም፣ ከዚያ በኋላም እንጃ።

በመጨረሻ ተዋቸው ገባ። ግድግዳ እያየሁ አልዘፍንም ስላለ ሦስታችንን ከመስታወቱ ወዲህ አቆሙን። በ"ጎሊና ሲሞላ" ውስጥ፣ ከሁለተኛው አዝማች በኋላ፣ ሁሉም መሣሪያ ጸጥ ብሎ ድራም ብቻ የሚቀርበት ቦታ አለ። ሰርግ ላይ ስም የሚጠራው እዚያ ላይ ነው። ባለሙያው "የፈለጉትን ይበሉበት፣ ካልፈለጉም ይለፉት" ብሎት ነበር። ተዋቸው እዚያ ሲደርስ በመስታወቱ አየን፤ እኔን አየኝ፣ ዮናስን አየው፣ ከዚያ ፌስታሉን የያዘውን ሰውዬ አየና "ስሜነህ ወንድሜ ሆይ" ብሎ ጠራ።

ስሜነህ ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀመጠና ከመስታወቱ ወዲህ ዘለለ። ያ ሁሉ ቀን አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው እንደ ጎረምሳ ዘለለ። ዮናስ ሳቀ፣ ባለሙያው አጨበጨበ። እኔ ፍም የዋጥኩ ያህል ደረቴ ነደደ።

ምክንያቱ አልጠፋኝም። ስሜነህ በካሴቱ ላይ የለም፣ እንግዳ ነው፣ እንግዳ ይጠራል። ደንቡ አልፈረሰም። ግን ይህ ካሴት ነው፤ ጅዳ ይሄዳል፣ የልጅ ልጆቻችን ይሰሙታል። አንድም ጊዜ ያልመታ ሰው ስሙ ለዘላለም ሲቀር፣ ዜማውን የፈጠረው ሰው ስም አይነሳም። በመልሱ መንገድ አውቶቡስ ውስጥ ተዋቸው አጠገቤ ተቀምጦ "ምነው ሳ፣ ምን ሆነሃል?" አለኝ። "ሆዴን ነው" አልኩት። ደብረ ሲና ላይ ወርዶ አምቦ ውሃ ገዛልኝ። እንዲህ ሲያደርግ ደግሞ ይበልጥ እጠላዋለሁ፤ ሰው ክፉ ሲሆን እንኳ መጥላቱ ይቀላል።

ካሴቱ ግንቦት ላይ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሁለት ካርቶን ሆኖ መጣ። ሽፋኑ ላይ ተዋቸው ኮፍያ አድርጎ ቆሟል። ከጎኑ የአንድ ሰው ክርን ይታያል፤ ክርኑ የእኔ ነው። "ጎሊና ባንድ" ይላል፣ ድምፃዊ ተዋቸው ይላል፣ ማን ምን እንደተጫወተ አይልም። ተዋቸው ራሱ ካሴቱን ለማስተዋወቅ ብሎ አዲስ አበባ ከረመ። ከዚያ የሚመጣው ወሬ ቀዝቃዛ ነበር፤ ጋሹ በስልክ "እንግዲህ ቀስ እያለ ነው" ይለኛል። ቆቦ ግን ሌላ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ፣ ጠጅ ቤቱ ውስጥ፣ ፀጉር አስተካካዩ ጋ እሱው ነው። ካሴቱን የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ዜማው አይደለም። "ማንን ጠራ?" ነው።

የጠራው ስሜነህን ብቻ ነበር። ስለዚህ ከተማው ስሜነህን አነሳው። ገበያ ሲወጣ ሴቶቹ በዜማ "ስሜነህ ወንድሜ ሆይ" ይሉታል፤ እሱም ቆሞ ትከሻውን ነቅነቅ ያደርግላቸዋል። በቀበሌው ስብሰባ ላይ ወንበር ይለቁለታል። አዲስ ኮፍያ ገዛ። እኔ ሱቅ ካሴቱን ሊገዛ የሚመጣ ገበሬ ሁሉ "የስሜነህን ስጠኝ" ነው የሚለኝ። አስቡት፣ ጊታሩን ለመታው ሰው፣ በገዛ ሱቁ። "የጎሊና ባንድን ነው?" ስላቸው "አይ፣ የስሜነህን" ይሉኛል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼው ነው።

ካርቶኖቹ ባዶ ሲሆኑ ጋሹ "እያባዛህ ስጣቸው፣ ዋናው መሰማቱ ነው" አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቆላው የሚዞረው ካሴት ሁሉ ከእኔ እጅ የሚወጣ ሆነ።

አንድ የገበያ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሰው ሁሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ ጥላ ሲገባ በሩን ገርበብ አድርጌ ተቀመጥኩ። ከመሳቢያዬ የሰርጌን ካሴት አወጣሁ። በ1986 ያገባሁ ዕለት እኔ ሙሽራ ነበርኩ፣ ጊታር አልያዝኩም። ባንዱ ያለ ጊታር ተጫወተልኝ፤ ተዋቸው "ይሁኔ ወንድሜ ሆይ" ብሎ ጠራኝ፣ እኔም ከሚዜዎቼ መሃል ተነስቼ ዘለልኩ። በሕይወቴ የተጠራሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሁለት ካሴት የሚይዘውን ቴፔን ከፍቼ አዲሱን ካሴት እስከ ስሜነህ ስም ድረስ ቀዳሁና አቆምኩ። የሰርጌን ካሴት አስገብቼ ስሜን ብቻ ቀዳሁ። እንደገና አዲሱን መልሼ ከድራሙ ላይ ቀጠልኩ። ስድስት ጊዜ ተበላሸ። በሰባተኛው "ስሜነህ ወንድሜ ሆይ" ይልና ትንሽ ቀጭ ብሎ "ይሁኔ ወንድሜ ሆይ" አለ። ከኋላው ስስ እልልታ አለው፤ ያደምቀዋል እንጂ አያስታውቅም።

ከፈለች ምሳዬን ይዛ ስትገባ ጆሮዋን አቀናችና "ይኼ የሰርጋችን ካሴት አይደለም እንዴ?" አለችኝ።

"አቧራ ይዞት እንደሆነ እያየሁት ነው" አልኳት።

"ዛሬ ምን አስታወሰህ?" አለችና ደስ ብሏት ሄደች። አፈርኩ። ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ በሚቀጥለው ቀን ከዚያች ካሴት እየቀዳሁ መሸጥ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን የገዙት ሰዎች ልዩነቱን ሲጠይቁኝ "ሁለተኛ ዙር ታትሞ መጥቶ ነው" አልኳቸው።

ሁለት ቀን ደስ አለኝ። በሱቄ ፊት የሚያልፍ ባጃጅ ሁሉ ስሜን እየጠራ ያልፋል። ሻይ ቤት ተቀምጬ ያንን ቦታ እጠብቃለሁ፤ ሲደርስ ብርጭቆዬን እያየሁ ምንም እንዳልሰማ እሆናለሁ። በሦስተኛው ቀን የቆቦ ጎብዬን መንገድ የሚሠራው የሚኒባስ ሹፌር አለሙ ቴፑን ሊያሠራ መጣና ትክ ብሎ አየኝ።

"ጋሽ ይሁኔ፣ አዘንኩልህ" አለኝ።

"ለምኑ?"

"ስምህን ሰማሁታ። እኛ እኮ ጊታሩ ያንተ መስሎን ነበር። አንተንም እንደ ስሜነህ አስቀምጠውህ ነው ለካ። መጀመሪያ ደበቁት፣ በሁለተኛው ዙር ቅር እንዳይልህ ብለው ጠሩህ። ደህና አድርገዋል፣ ቢያንስ ሰው አስታወሱ።"

"ጊታሩ የእኔ ነው" አልኩት።

"ይሁን እንጂ" አለኝ፣ ለታመመ ሰው እሺ እንደሚባለው። "ጊታሩን ይዘህ ከሆነ እንዴት ይጠራሃል?"

መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ ስሜን ራሴ ሰርቄ አስገባሁት የሚል። ከዚያ ቀን በኋላ የመጣው ሁሉ ያንኑ ይለኝ ጀመር። ቲማቲም ሻጯ ለመጀመሪያ ጊዜ መረቀችልኝ፤ "አይዞህ፣ ዕድል ነው" ብላ። ከሁሉ የባሰው ስሜነህ ነው። አዲሱን ኮፍያውን አድርጎ መጣ፣ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

"እኔ ኮሪደር ላይ ስለነበርኩ ነው ያላወቅሁት" አለኝ። "ስትገባ አይቻለሁ፣ ስትወጣም አይቻለሁ። እኛ ከመጣን በኋላ ሌላ ሰው አስመትተውበት ነው አይደል?"

መፍቻዬን አንስቼ ወደ ሥራዬ ጎነበስኩ። ይህን አዎን አድርጎ ወሰደው።

"እኔም እንዳንተ ነኝ፣ ወንድሜ። የመጀመሪያ ሰሞን ያቃጥላል። ከዚያ ይለመዳል። ስማችን ገብቷል፣ ይበቃናል" አለና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ። ለዓመታት በዚህ ሰው ላይ ክፉ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ከኅዳር ወዲህ ስቀናበት ከርሜ እሱ ሊያጽናናኝ መጣ። ለከፈለች ያን ዕለት ሁሉንም ነገርኳት። የሰርጋችን ካሴት ስል ፊቷ ትንሽ ተለወጠ። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" አለችና ሳህኑን አንስታ ወጣች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ ተዋቸው ተመለሰ። ከጎብዬ ወዲህ የአለሙን ሚኒባስ ይዞ ኖሮ፣ ሻንጣውን ሳያስገባ በቀጥታ ወደ ሱቄ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

"አለሙ ካሴቱን ከፍቶት ነበር" አለኝ።

"እ።"

"ስቱዲዮ ውስጥ ስምህን አልጠራሁም።"

"አልጠራህም።"

"ድምፁ ግን የእኔ ነው። ያውም የድሮው፣ የፊት ጥርሴ ሳይወልቅ የነበረው። ከየት አመጣኸው?"

"ከሰርጌ።"

መጀመሪያ ሳቀ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። "ይሁኔ፣ ሰዉ ምን እያለ እንደሆነ ታውቃለህ? ጊታሩን የመታው የአዲስ አበባ ሰው ነው እያሉ ነው። መኪና ውስጥ ስከራከር ነው የመጣሁት፣ ማን ይስማኝ። ስሜን ጥራ ብትለኝ ምን ነበረበት?"

"ብልህ ትጠራኝ ነበር?"

አሰበ። መዋሸት አይችልበትም፣ ይህም ያናድደኛል። "አልጠራህም ነበር" አለ። "ጊታሩ ያንተ ነዋ። ከዘፈኑ ውስጥ ውጣ ልልህ ነው?"

"ቀንቼ ነው" አልኩት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። "በአንተ ሃያ ስምንት ዓመት ቀንቻለሁ። ከኅዳር ወዲህ ደግሞ በስሜነህ።"

"በእኔ እንኳ እሺ" አለ ተዋቸው። "በስሜነህ? ድራሙን ቀምተውት ባዶ እጁን ቆሞ ሳየው የሰጠሁት ነገር እኮ ነው። ሌላ ምን ነበረው?"

ያን ጊዜ የጠላሁት ራሴን ነው። ተዋቸው "ገበያ መሃል ቆሜ ልንገራቸው? ጊታሩ የይሁኔ ነው ልበላቸው?" አለኝ።

"ታዲያ ስሙ እንዴት ገባ ሲሉህ ምን ትላለህ?"

ኮፍያውን አገላበጠው። እውነቱ ከወጣ በቅናት የገዛ ሰርጉን ካሴት ቆርጦ የቀጠለ ሰው እባላለሁ፤ ልጆቼ በዚያ ይጠራሉ። ካልወጣ ጊታሬ የሌላ ሰው ይሆናል። ሁለቱን ሚዛን ላይ አስቀመጥኳቸውና "ዝም በል" አልኩት። ዝም አለ። ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው፣ በዚህም እቀናበታለሁ።

የ2000 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ዕለት ሱቄ ፊት ሰው ተሰብስቦ የበዓሉን የሬዲዮ ፕሮግራም ይሰማል። ድንገት "ጎሊና ሲሞላ" መጣ። ሰዉ እልል አለ። ስሜነህ ተነስቶ ዘለለ፣ የሬዲዮ ሰዎቹ በያዙት በዋናው ካሴት ላይ የእኔ ስም እንደሌለ ግን ልብ ያለው የለም፤ እልልታው ሸፍኖታል። ዘፈኑ ሲያልቅ የፕሮግራሙ አቅራቢ "ይህ ካሴት ሳንሰማው ሊያመልጠን ነበር፤ ድምፁ መልካም ነው፤ እኛን የያዘን ግን ጊታሩ ነው። ማን እንደተጫወተው ሽፋኑ ላይ አልተጻፈም። የምታውቁ ካላችሁ ደውሉልንና በሚቀጥለው ፕሮግራም እናመስግነው" አለ።

የሚደወልበትን ቁጥር አነበበ። የሱቄ ስልክ አጠገቤ ነበር። አለሙ "አየህ፣ የአዲስ አበባ ሰው እኮ ነው፣ እዚያው ያገኙታል" አለ። ተዋቸው ከማዶ ቆሞ በዓይኑ ልደውል ወይ አለኝ። አትደውል ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ሰዉ ሁሉ ያንን የማይታወቅ ሰው ሲያመሰግን፣ ጣቱ እንዲህ ነው፣ ትምህርት ቤት የተማረ መሆን አለበት ሲል፣ እኔ የተበላሸ ሬዲዮ ከፍቼ ብየዳዬን ቀጠልኩ። የሚበየድ ነገር አልነበረውም።

ጥር ላይ ዋጃ ሰርግ ተጠራን። የሙሽራው ቤተሰቦች የማናችንም ዘመዶች አይደሉም፤ ካሴቱን ሰምተው "ያን ዘፈን እንደ ካሴቱ አድርገው ይጫወቱልን" ብለው የጠሩን ሰዎች ናቸው። ዳሱ ከመንገዱ ዳር ነው፣ ቀኑ ብራ ነው። የሙሽራው አያት እማማ ኡሙሃኒ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ንቁ ነው ይባላል። "ጎሊና ሲሞላ"ን ስጀምር ሳህን የያዘ ሁሉ ቆመ። ስሜነህ በራሱ ድራም ነበርና ደስ ብሎት ፈጠነ፣ እኔም አብሬው ፈጠንኩ። ጸጥ የሚባልበት ቦታ ላይ ስንደርስ ተዋቸው ዞሮ አየኝ። ከዚያ ፊቱን መለሰና የሙሽራውን አጎት ጠራ፣ የሙሽሪትን ወንድም ጠራ፣ ከመቂ የመጣውን እንግዳ ጠራ። እኔን አልጠራኝም፤ ጊታሩን እንደያዝኩ ቀረሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለመጠራቴ ተመስገን አልኩ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ውሃ ልጠጣ ከበርሜሉ ዘንድ ሄድኩ። እማማ ኡሙሃኒ በምርኩዛቸው እየተመሩ መጡና እጄን ያዙኝ።

"ጊታር መቺው አንተ ነህ?"

"አዎን እማማ።"

"ከካሴቱ ጋር አንድ ነው። ቅንጣት አላጎደልክበትም። እስክትይዘው ድረስ ስንት ጊዜ ሰማኸው?"

ተዋቸው ጣሳ ይዞ አጠገቤ ቆሟል። መሬት መሬቱን ያያል።

"ብዙ ጊዜ ሰማሁት" አልኳቸው።

"ካሴቱ ላይ የመታው ግን ማን ነው?"

"አንድ የአዲስ አበባ ሰው ነው አሉ።"

እማማ ኡሙሃኒ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፊታቸው ላይ ለእኔ ያልሆነ ደስታ መጣ፣ እኔም በዚያ ሰው ከተዋቸውም ከስሜነህም አብልጬ ቀናሁበት።

"ያረቢ፣ እጁን ባርክለት" አሉ።

"አሜን" አልኩ።